አሥር ሚሊግራም በሦስት ተከፍሎ፦ በማያቆም መንቀጥቀጥ ላይ የዳያዜፓም አሰጣጥ የጉዳይ ጥናት

ታካሚዋ የ26 ዓመት ሴት ናት። የሚጥል በሽታ ከልጅነቷ ጀምሮ አለባት። ማታ ማታ 100 ሚሊግራም ፌኖባርቢታል እየወሰደች ከሁለት ዓመት በላይ ሳትወድቅ ቆይታለች። መድኃኒቱ አልቆባት አምስት ቀን ሳትወስድ ቀረች። ፌኖባርቢታል ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ነው፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን ወደ ግማሽ ለመውረድ በአዋቂ ሰው ላይ በአማካይ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ያቋረጠ ሰው አደጋ ላይ የሚወድቀው በማግስቱ ሳይሆን ቀናት ቆይቶ፣ «ምንም አልሆንኩም» ማለት በጀመረበት ጊዜ ነው። እሷም በአምስተኛው ቀን ጠዋት ወደቀች።

እናቷ አጠገቧ ነበሩ። መላ ሰውነቷ ገትሮ ከዚያ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሰዓት አይተዋል። የጉዳዩ ሁሉ መነሻ ይህች ሰዓት ናት፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ደቂቃዎች በሙሉ የሚቆጠሩት ከእሷ ነው። እናትየው ሰዓቱን ባይዙ ኖሮ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ሐኪም ቤት የደረሰችበት ሰዓት ብቻ ይሆን ነበር። 18 ደቂቃ የቆየ መንቀጥቀጥም ገና አሁን የጀመረ ይመስል ነበር።

የተሰጣት መድኃኒት፣ መንቀጥቀጥ የሚያቆመው ዳያዜፓም፣ ትክክለኛው ነው፤ ጠቅላላ መጠኑም ከመመሪያ አልወጣም። ያም ሆኖ መንቀጥቀጡ የቆመው በ46ኛው ደቂቃ ነው። ያዘገየው የአሰጣጡ መንገድ ነው፤ ጉዳዩን በዝርዝር ማየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ደቂቃ በደቂቃ

በ18ኛው ደቂቃ በመኪና ደረሰች። በመንገድ ላይ ምንም መድኃኒት አልተሰጣትም። አራቱም እጅና እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሷ ገጥሟል፣ በአፏ ዳር ደም የቀላቀለ አረፋ ይወጣል። የልብ ምቷ በደቂቃ 138፣ የደም ግፊቷ 156 በ94፣ የሰውነት ሙቀቷ 38.1 ዲግሪ፣ የኦክሲጅን ሙሌቷ ያለ ኦክሲጅን 86 በመቶ ነበር። ክብደቷ በግምት 60 ኪሎ ተባለ፤ ኋላ ስትመዘን 58 ሆኗል።

በ19ኛው ደቂቃ በግራ ጎኗ ተደረገች፣ ምራቁ በሳክሽን (በመምጠጫ መሣሪያ) ተጠረገ፣ ማጠራቀሚያ ከረጢት ባለው ጭምብል በደቂቃ 15 ሊትር ኦክሲጅን ተጀመረላት። ሙሌቷ ወደ 95 ወጣ። ጥርሷን ለመክፈት ማንም አልታገለም፤ ይህ በትክክል ተሠርቷል።

ከ20ኛው እስከ 25ኛው ደቂቃ የደም ሥር ፍለጋ ነበር። የሚንቀጠቀጥ ክንድ ላይ ሁለት ጊዜ ተወግቶ አልተሳካም፤ በሦስተኛው በቀኝ ክርን መታጠፊያ ላይ 20 ቁጥር ካኑላ (በደም ሥር ውስጥ የሚቀር ቀጭን ቱቦ) ገባ።

በ26ኛው ደቂቃ 10 ሚሊግራም በ2 ሚሊ ሊትር የያዘ የዳያዜፓም አምፑል ተሰብሮ በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ በሳላይን (በጨው ውኃ) ተበረዘ። ፈሳሹ ነጣ፣ ደፈረሰ። ከሱ ላይ 5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም በስሌት 5 ሚሊግራም፣ በቀስታ ተሰጠ። እጅና እግሯ ረገብ አለ፤ አልቆመም። «ትንሽ እንጠብቅ፣ ትንፋሿ እንዳይቆም» ተባለ።

በ33ኛው ደቂቃ መንቀጥቀጡ እንደገና ሲበረታ ከዚያው ሲሪንጅ 2.5 ሚሊግራም ተሰጠ። በዚሁ ጊዜ የጣት ደም ተወስዶ ስኳሯ ተለካ፤ 88 ሚሊግራም በዴሲ ሊትር ሆነ። በ39ኛው ደቂቃ የቀረው 2.5 ሚሊግራም ተሰጠ። የእጇ መንቀጥቀጥ ቀነሰ፤ ፊቷና የቀኝ ክንዷ ግን ቀጠለ።

በ41ኛው ደቂቃ ሲኒየር ሐኪም ደረሱ። መጀመሪያ ያዘዙት አምቡ ባጉ (በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ የሚያግዘው ከረጢት) ከጭምብሉ ጋር ተገጣጥሞ በራስጌ እንዲቀመጥና ኦክሲጅን እንዲገጠምበት ነው። ቀጥሎ አዲስ አምፑል ሳይበረዝ፣ 10 ሚሊግራሙ በሙሉ፣ በካኑላው አፍ ላይ በሁለት ደቂቃ ውስጥ እንዲሰጥና በ10 ሚሊ ሊትር ሳላይን እንዲገፋ አዘዙ። መስጠቱ በ42ኛው ተጀምሮ በ44ኛው አለቀ። በ46ኛው ደቂቃ መንቀጥቀጡ ቆመ።

በ47ኛው ደቂቃ ትንፋሿ በደቂቃ 7 ሆነ፣ ሙሌቷም ወደ 84 ወረደ። አገጯ ተነስቶ፣ በአፍንጫዋ የአየር መተላለፊያ ቱቦ ገብቶ፣ በአምቡ ባግ በየስድስት ሰከንዱ አንድ ጊዜ ተነፈሰላት። ከዘጠኝ ደቂቃ በኋላ በራሷ በደቂቃ 14 መተንፈስ ጀመረች። የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት አላስፈለገም።

በ49ኛው ደቂቃ መንቀጥቀጡ እንዳይመለስ ፌኒቶይን የተባለው መድኃኒት ተጀመረ፤ በ79ኛው አለቀ። በ125ኛው ደቂቃ ስሟ ሲጠራ ዓይኗን ገለጠች።

10 ሚሊግራም ለምን አልበቃም

ከ26ኛው እስከ 39ኛው ደቂቃ የተሰጠው ሲደመር 10 ሚሊግራም ነው። በ42ኛው ደቂቃ የተሰጠውም 10 ሚሊግራም ነው። ሁለተኛው አቆመው፤ የመጀመሪያው አላቆመውም። እርግጥ ሁለተኛው የተሰጠው በመጀመሪያው ላይ ተደርቦ ነው፤ ልዩነቱ ግን በዚህ ብቻ አይገለጽም።

ዳያዜፓም በስብ ውስጥ በጣም የሚሟሟ መድኃኒት ነው። በደም ሥር ሲሰጥ በሰከንዶች ውስጥ ወደ አንጎል ይገባል፤ ከዚያ በዚያው ፍጥነት አንጎልን እየለቀቀ ወደ ጡንቻና ወደ ሰውነት ስብ ይሰራጫል። ከሰውነት ጨርሶ ለመውጣት ቀናት ቢፈጅበትም መንቀጥቀጥን የሚገታበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ነው። አንጎል ውስጥ የሚደርሰው ከፍተኛ መጠን የሚወሰነው በአንድ ጊዜ በገባው ነው። 5 ሚሊግራም ሰጥቶ ሰባት ደቂቃ መጠበቅ ማለት የመጀመሪያው እየተሰራጨ ሳለ ሁለተኛውን ከዝቅተኛ ቦታ መጀመር ማለት ነው። በዚህ አካሄድ መንቀጥቀጡን የሚያቆመው ጣሪያ ላይ አይደረስም፤ በሰውነት ውስጥ የሚጠራቀመው ግን ይጨምራል፤ እንቅልፉና የትንፋሽ ድካሙም አብሮ ይከማቻል። ታካሚዋ የመድኃኒቱን ጉዳት እየወረሰች ጥቅሙን አጣች።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜው ራሱ ነው። ቤንዞዳያዜፒኖች (ዳያዜፓም የሚገኝበት የመድኃኒት ቤተሰብ) የሚሠሩት ጋባ-ኤ በሚባለው ተቀባይ ላይ ተቀምጠው የአንጎል ሴል እንዲረጋ በማገዝ ነው። መንቀጥቀጥ ሲረዝም እነዚህ ተቀባዮች ከሴሉ ገጽ ላይ እየተነሱ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ በተቃራኒው ሴሉን የሚያነሳሱት የኤንኤምዲኤ ተቀባዮች ወደ ገጹ ይወጣሉ። መድኃኒቱ የሚቀመጥበት ቦታ በየደቂቃው እያነሰ ይሄዳል። በአይጦች ላይ በተሠራና በ1997 በታተመ ሙከራ ከ45 ደቂቃ መንቀጥቀጥ በኋላ መንቀጥቀጡን ለማቆም ያስፈለገው ዳያዜፓም በ10ኛው ደቂቃ ካስፈለገው አሥር እጥፍ ገደማ ነበር። ቁጥሩ እንዳለ ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አቅጣጫው ግን አልጋ አጠገብ ከሚታየው ጋር አንድ ነው። በ26ኛው ደቂቃ የሚበቃ መጠን በ39ኛው ላይበቃ ይችላል።

ሦስተኛው ምክንያት ሲሪንጁ ውስጥ ነው። ዳያዜፓም በውኃ አይሟሟም፤ አምፑሉ ውስጥ ያለው በፕሮፒሊን ግላይኮልና በአልኮል ተሟሙቶ ነው። በጥቂት ሳላይን ሲበረዝ መድኃኒቱ ከፈሳሹ ተለይቶ ይወጣል፤ የታየው ነጭ ድፍርስ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ «5 ሚሊ ሊትር 5 ሚሊግራም ነው» የሚለው ስሌት አይሠራም፤ ምን ያህሉ እንደገባ፣ ምን ያህሉ ሲሪንጅ ውስጥ እንደቀረ ማወቅ አይቻልም። በዚያ ላይ የቀረው ፈሳሽ 13 ደቂቃ ቆይቶ ነው የተሰጠው። ዳያዜፓም ሳይበረዝ፣ ለደም ሥሩ ቅርብ በሆነው መግቢያ፣ በደቂቃ ከ5 ሚሊግራም ባልበለጠ ፍጥነት ይሰጣል፤ ከዚያ በሳላይን ይገፋል። በሚንጠባጠብ የግሉኮስ ወይም የሳላይን ከረጢት ውስጥ መጨመርም አይሆንም፤ ይዘቅጣል፣ የላስቲክ ቱቦውም ይመጠዋል።

ስለ መጠኑ ጥርጣሬ ሊኖር አይገባም ነበር። በደም ሥር የሚሰጥ ዳያዜፓም በኪሎ ከ0.15 እስከ 0.2 ሚሊግራም ነው፤ በአንድ ጊዜ ከ10 ሚሊግራም አይበልጥም፤ ካልቆመ አንድ ጊዜ ይደገማል። ለ60 ኪሎ ይህ ከ9 እስከ 12 ሚሊግራም ይሆናል፤ ማለትም አንድ ሙሉ አምፑል። ግማሽ አምፑል ለማንም ጎልማሳ 60 ኪሎ ሰው መነሻ መጠን አይደለም። ቢደገም እንኳ የሚጠበቀው አምስት ደቂቃ ገደማ ነው፤ የሚደገመውም ሙሉው ነው።

ትንፋሹን የፈራው ሰው

«ትንፋሿ እንዳይቆም» የሚለው ስጋት ከስንፍና የመጣ አይደለም። ዳያዜፓም ትንፋሽ ያዳክማል፤ በዚህች ታካሚ ላይም አዳክሟል። ፍርሃቱ የሳተው ማነጻጸሪያውን ነው። የሚነጻጸረው መድኃኒት የወሰደች ታካሚ ከጤነኛ ሰው ጋር ተደርጎ ነው፤ መነጻጸር ያለባት ግን መንቀጥቀጧ ካልቆመ ታካሚ ጋር ነው።

ይህን በቀጥታ ያነጻጸረ ጥናት አለ። በ2001 የታተመው፣ በሳን ፍራንሲስኮ የአምቡላንስ ባለሙያዎች በ205 ታካሚዎች ላይ ያካሄዱት ጥናት ሎራዜፓምን (የዚሁ ቤተሰብ ሌላ መድኃኒት)፣ ዳያዜፓምንና መድኃኒት የሌለበትን መርፌ አወዳደረ። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ መንቀጥቀጣቸው የቆመው ሎራዜፓም ከወሰዱት 59.1 በመቶው፣ ዳያዜፓም ከወሰዱት 42.6 በመቶው፣ ምንም ካልወሰዱት 21.1 በመቶው ነበር። ለዚህ ጉዳይ የሚበልጠው ሁለተኛው ውጤት ነው። የትንፋሽ ወይም የደም ዝውውር ችግር የገጠማቸው ሎራዜፓም ከወሰዱት 10.6፣ ዳያዜፓም ከወሰዱት 10.3፣ ምንም ካልወሰዱት ደግሞ 22.5 በመቶ ናቸው። ሳይታከም የቀረው መንቀጥቀጥ ከመድኃኒቱ ይልቅ ትንፋሽ አወከ።

ስለዚህ ጥንቃቄው መሄድ ያለበት ወደ ዝግጅት ነው። አምቡ ባግ፣ ልኩን የጠበቀ ጭምብል፣ የሚሠራ ሳክሽንና የአፍንጫ አየር መተላለፊያ መርፌው ከመያዙ በፊት በራስጌ ይቀመጣሉ። ጥርስ ስለገጠመ የአፍ መተላለፊያ አይገባም፤ የአፍንጫው ይገባል። የፊት ወይም የራስ ቅል ሥር ስብራት የሚያጠራጥር ጉዳት ካለ ግን የአፍንጫውም ይተዋል። በዚህ ጉዳይ እስከ 41ኛው ደቂቃ አምቡ ባጉ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። ትንፋሽ ማገዝ እንደሚችል እርግጠኛ ያልሆነ እጅ ሙሉ መጠን ለመስጠት ይፈራል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ሲኒየር ሐኪሙ ከአምፑሉ በፊት አምቡ ባጉን ማስቀደማቸው በዚያን ቀን ከተሰጡ ሌሎች ብዙ ትእዛዞች የሚበልጥ ነው ብለን እናምናለን፤ ዘጠኙ ደቂቃ ያለ ሁከት ያለፈው በሱ ነው።

አንድ የክትትል ነጥብ እዚህ ላይ ይጨመር። በደቂቃ 15 ሊትር ኦክሲጅን ላይ ያለ ታካሚ ትንፋሹ ወደ 5 ወርዶ እንኳ የኦክሲጅን ሙሌቱ ለደቂቃዎች 97 ሊያሳይ ይችላል፤ የሚከማቸውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሣሪያው አይለካም። ደረቷን አይቶ መቁጠር ያስፈልጋል። ከመርፌው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 10 ደቂቃዎች አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይሰጠው ይህን ብቻ ይሠራል፤ ከዚያ በየአምስት ደቂቃው ይቆጠራል።

የትንፋሹ ድካም ሲታይ ፍሉማዜኒል ይሰጥ የሚል ሐሳብም ተነስቶ ነበር። አለመሰጠቱ ትክክል ነው። ፍሉማዜኒል ዳያዜፓሙን ከተቀባዩ ላይ ያነሳዋል፤ የቆመውን መንቀጥቀጥ መልሶ ሊያስነሳ ይችላል፤ ከተነሳም ማቆሚያው መድኃኒት ተዘግቷል። በአምቡ ባግ መተንፈስ በቂ ሕክምና ነው።

የደም ሥር እስኪገኝ

ከደረሰችበት እስከ መጀመሪያው መርፌ 8 ደቂቃ ባክኗል፤ አብዛኛው ለካኑላ። የደም ሥር ለመጀመሪያው መጠን ግዴታ አይደለም። በ2012 የታተመው ራምፓርት የተሰኘው ጥናት ይህን ሰፋ አድርጎ አሳይቷል። በጡንቻ ሚዳዞላም (ይህም ቤንዞዳያዜፒን ነው) ከወሰዱት 73.4 በመቶው፣ በደም ሥር ሎራዜፓም ከተመደበላቸው 63.4 በመቶው ያለ ተጨማሪ መድኃኒት መንቀጥቀጣቸው ቆሞ ሐኪም ቤት ደርሰዋል። ሎራዜፓም ከገባ በኋላ በፍጥነት ይሠራል፤ በ1.6 ደቂቃ ያቆማል፣ የጡንቻው ሚዳዞላም 3.3 ደቂቃ ይፈጅበታል። ለመስጠት ግን የጡንቻው 1.2 ደቂቃ፣ የደም ሥሩ 4.8 ደቂቃ ወሰደ። አሸናፊውን የወሰነው የመስጠቱ ጊዜ ነው። የመተንፈሻ ቱቦ ያስፈለጋቸውም በሁለቱም ወገን 14 በመቶ ገደማ ነበሩ።

የጡንቻው ሚዳዞላም መጠን ለማስታወስ ቀላል ነው፤ ከ40 ኪሎ በላይ ለሆነ 10 ሚሊግራም፣ ከ13 እስከ 40 ኪሎ 5 ሚሊግራም፣ በጭኑ ውጫዊ ጎን፣ በልብስ ላይም ቢሆን። እዚህ ላይ የሚሳሳተው የአምፑሉ ጥንካሬ ነው። ሚዳዞላም በሚሊ ሊትር 5 ሚሊግራም የያዘም፣ 1 ሚሊግራም የያዘም አለ። በመጀመሪያው 10 ሚሊግራም 2 ሚሊ ሊትር ነው፤ በሁለተኛው 10 ሚሊ ሊትር ይሆናል፣ ያንን ያህል በአንድ ጡንቻ መስጠት አይቻልም። ትሪው ላይ የሚቀመጠው የመጀመሪያው ይሁን፤ መለያው ጮክ ብሎ ይነበብ።

ሚዳዞላም በሌለበት ዳያዜፓምን በጡንቻ መስጠት መፍትሔ አይደለም፤ ከጡንቻ የሚገባው ቀስ ብሎና ባልተመጣጠነ ሁኔታ ነው። ዳያዜፓም በፊንጢጣ ይሰጣል። በኪሎ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም፣ ለትንንሽ ልጆች ከፍ ያለው፣ ለአዋቂ ዝቅ ያለው፣ ከ20 ሚሊግራም ሳይበልጥ። መርፌው ተነቅሎ ሲሪንጁ በቅባት ለስልሶ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይገባል፤ ፈሳሹ እንዳይመለስ መቀመጫዎቹ ተገጥመው ይያዛሉ። ለዚህች ታካሚ በ19ኛው ደቂቃ 12 ሚሊግራም በዚህ መንገድ ቢሰጣት የካኑላው ፍለጋ በርጋታ ይካሄድ ነበር።

ቀጣዩ መድኃኒት

መንቀጥቀጡ በቆመ በሦስተኛው ደቂቃ ፌኒቶይን መጀመሩ የዚህ ጉዳይ ጥሩ ጎን ነው። ዳያዜፓም የገዛው ግማሽ ሰዓት ያልሞላ ጊዜ ነው፤ «ቆመ፣ እስቲ እንይ» ተብሎ ሲጠበቅ የሚመለሰው በዚያ ክፍተት ነው።

የተሰጣት በኪሎ 20 ሚሊግራም፣ ማለትም 1,200 ሚሊግራም ነው። አምፑሉ በሚሊ ሊትር 50 ሚሊግራም ስለያዘ 24 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በ200 ሚሊ ሊትር ሳላይን ተበረዘ። ሲደባለቅ በሚሊ ሊትር 5.4 ሚሊግራም ገደማ ሆነ፤ ከ5 በታች መውረድ ስለሌለበት ልክ ነው። በግሉኮስ መበረዝ ፈጽሞ አይቻልም፣ ይረጋል። የአዋቂ ከፍተኛው ፍጥነት በደቂቃ 50 ሚሊግራም ነው፤ እዚህ በ40 ሄዶ በ30 ደቂቃ አለቀ፣ በመስመሩ ላይ ማጣሪያ ተደርጎ፣ ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምት) እየታየና የደም ግፊት በየአምስት ደቂቃው እየተለካ። ፌኒቶይኑ በተጀመረ በ15ኛው ደቂቃ ላይ ግፊቷ ወደ 88 በ50 ወረደ፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀነስ በአራት ደቂቃ ተመለሰ፣ ከዚያም ወደ 50 ከፍ ተደርጎ ተጨረሰ። ፌኒቶይን ግፊት ሲያወርድ መጀመሪያ የሚነካው ፍጥነቱ ነው። ካኑላውም ትልቅ ደም ሥር ላይ መሆን አለበት፤ ከደም ሥር ውጭ ቢፈስ ሥጋን ይጎዳል።

ሌላ ምርጫም አለ። በ2019 የታተመው ኢሴት የተባለ ጥናት ሌቬቲራሲታምን፣ ፎስፌኒቶይንንና ቫልፕሮኤትን አወዳድሮ በ47፣ በ45 እና በ46 በመቶ ታካሚዎች ላይ እንደሠሩ አገኘ፤ ማለትም እኩል ናቸው። ሌቬቲራሲታም በኪሎ 60 ሚሊግራም፣ እስከ 4,500 ሚሊግራም፣ በ10 ደቂቃ ይሰጣል፤ ግፊትና የልብ ምት አይነካም ማለት ይቻላል። ቢኖር ኖሮ እሱን እናስቀድም ነበር። ከዚሁ ጥናት ታካሚዎች መዝገብ የወጣ ትንተና ደግሞ አብዛኞቹ መጀመሪያ የተሰጣቸው ቤንዞዳያዜፒን ከሚመከረው በታች እንደነበር አሳይቷል። የግማሽ አምፑል ልማድ የአንድ ተረኛ ወይም የአንድ ክፍል ችግር አይደለም።

ያቋረጠችው ፌኖባርቢታል ስለሆነ እሱኑ በደም ሥር መስጠት በምክንያት ደረጃ የተሻለ ይመስላል፤ በኪሎ 15 ሚሊግራም የታወቀ መጠን ነው። ከ20 ሚሊግራም ዳያዜፓም በኋላ፣ ትንፋሿ ገና በባግ እየታገዘ ሳለ መስጠት ግን የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ለሚችል ቡድን የሚተው ነው። በዚያ ሰዓት ፌኒቶይን መመረጡን እንደግፋለን።

ይህም ሳይሠራ ቢቀር ቀጣዩ የመተንፈሻ ቱቦና በማያቋርጥ ፍሰት የሚሰጥ ማደንዘዣ ነበር፤ ሚዳዞላም በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ተጀምሮ የሚቀጥል፣ ወይም ፕሮፖፎል። ሦስተኛና አራተኛ ዳያዜፓም በዚህ መስመር ላይ ቦታ የለውም። ቱቦ ሲገባ የሚሰጠው የጡንቻ ማላላቻ መንቀጥቀጡን ከዓይን ብቻ እንደሚሰውርም ይታወስ፤ አንጎሉ ሊቀጥል ይችላል።

ሊያመልጡ የነበሩ ሁለት ነገሮች

የደም ስኳር የተለካው በ33ኛው ደቂቃ፣ ከደረሰች ከ15 ደቂቃ በኋላ ነው። 88 መሆኑ የዕድል ጉዳይ ነው። ከ60 በታች ቢሆን ኖሮ የትኛውም ማረጋጊያ አያቆመውም፤ ለአዋቂ 100 ሚሊግራም ታያሚንና 50 ሚሊ ሊትር 50 በመቶ ግሉኮስ ያስፈልግ ነበር። የጣት ደም ካኑላ አይጠብቅም፤ ኦክሲጅኑ በሚገጠምበት ደቂቃ ይወሰዳል።

የእርግዝና ጥያቄ የተነሳው በ55ኛው ደቂቃ ሲሆን የሽንት ምርመራው እርግዝና አለመኖሩን አሳየ። የ26 ዓመት ሴት፣ ግፊት 156 በ94። መንቀጥቀጥ ራሱ ግፊት ያወጣል፤ የታወቀ የሚጥል በሽታም አለባት፤ ኤክላምፕሲያን (ከእርግዝና ጋር በተያያዘ የደም ግፊት የሚመጣ መንቀጥቀጥ) ከሐሳብ ለማውጣት ግን አንዱም አይበቃም። ኤክላምፕሲያ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው መድኃኒት ማግኒዚየም ሰልፌት፣ 4 ግራም በደም ሥር በቀስታ፣ ይሆን ነበር። በ1995 የታተመው ብዙ አገሮችን ያቀፈ ሙከራ ማግኒዚየም ከዳያዜፓም ጋር ሲነጻጸር ዳግም መንቀጥቀጥን በ52 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለእናትየው «እርጉዝ ናት? በቅርቡ ወልዳለች?» ማለት አምስት ሰከንድ ይወስዳል። በዚሁ አጋጣሚ ቤት ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መኖሩም ይጠየቃል፤ በአይሶናያዚድ መመረዝ የመጣ መንቀጥቀጥ በዳያዜፓም ብቻ አይቆምም፤ ቫይታሚን ቢ6፣ የተወሰደው መጠን ካልታወቀ 5 ግራም በደም ሥር፣ ይፈልጋል።

ሙቀቷ ከሦስት ሰዓት በኋላ ወደ 37.2 ወርዷል፣ አንገቷም አልገተረም። ረዥም መንቀጥቀጥ ብቻውን ሙቀት ያወጣል። ባይወርድ ኖሮ የማጅራት ገትር ሕክምና ምርመራ ሳይጠብቅ ይጀመር ነበር።

ከቆመ በኋላ ያለው እንቅልፍ

ከ46ኛው እስከ 125ኛው ደቂቃ አልነቃችም። ይህ የዳያዜፓም እንቅልፍ፣ ከመንቀጥቀጥ በኋላ የሚመጣ ድካም ወይም እጅና እግር ሳይንቀጠቀጥ አንጎል ውስጥ የቀጠለ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። በ1998 በታተመ ጥናት የሚታየው መንቀጥቀጥ ከቆመላቸው ታካሚዎች 48 በመቶው በቀጣዮቹ 24 ሰዓታት በኢኢጂ (የአንጎል የኤሌክትሪክ ምርመራ) ላይ የቀጠለ ሕመም ታይቶባቸዋል። ኢኢጂ በሌለበት በየ10 ደቂቃው የሚታዩት ወደ አንድ ጎን የሚሳቡ ዓይኖች፣ የሚርገበገብ ሽፋሽፍት፣ የሚንቀጠቀጥ የከንፈር ጥግና የአውራ ጣት ናቸው። በዚህች ታካሚ አልታዩም፤ ለሥቃይ የምትሰጠው ምላሽም በየጊዜው እየጠራ ሄደ። አቅጣጫው ወደ መንቃት መሆኑ ያረጋጋል። መንቀጥቀጡ ከቆመ በ30ና በ60 ደቂቃ ምንም ለውጥ ከሌለ ግን «መድኃኒቱ ነው» ብሎ መተው አይገባም።

በማግስቱ ፌኖባርቢታሏ በቀድሞው መጠን ተጀመረ። ከሦስት ቀን በኋላ ስትሸኝ እናቷ ሁለት ነገር በጽሑፍ ተሰጣቸው። የመጀመሪያው መድኃኒቱ ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው ተመልሰው እንዲወስዱ የሚያስታውስ ቀን ነው። ሁለተኛው በፊንጢጣ የሚሰጥ 12 ሚሊግራም ዳያዜፓም ከነአሰጣጡ ነው፤ መንቀጥቀጡ አምስት ደቂቃ ካለፈ በጎኗ አድርገው እንዲሰጡ፣ የሰጡበትን ሰዓት በወረቀቱ ላይ እንዲጽፉ፣ ቤት ውስጥ እንዳይደግሙና ቢቆምም ባይቆምም ወረቀቱን ይዘው እንዲመጡ። ከመሄዳቸው በፊት ነርሷ ባዶ ሲሪንጅ ሰጥተው 2.4 ሚሊ ሊትር ውኃ እንዲስቡ አደረጉ፤ በትክክል እስኪስቡም ሦስት ጊዜ አስደገሟቸው።